ለአሮጌ አሪየንስ ስኖው ብሎወር መለዋወጫ ከየት ይገኛል?

የሚኒያፖሊሱ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤት ስንገዛ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጋራዥ ውስጥ ትተውልን የሄዱት ብርቱካናማ አሪየንስ ስኖው ብሎወር (ባለ ሞተር የበረዶ መጥረጊያ) አለኝ። ባለሁለት ደረጃ ከሚባሉት ነው፤ ከፊት ያለው ጠምዛዛ ምላጭ በረዶውን ወደ መሀል ይሰበስባል፣ ከኋላው የሚሽከረከረው ማራገቢያ ደግሞ ተቀብሎ በቱቦው በኩል ይወረውረዋል። ሞተሩ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ቴኩምሴ ሲሆን፣ እነዚህን ማሽኖች የሚያውቅ ጎረቤቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ መሆን አለበት ይላል።

ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ቾኩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ክዳን) ካልተዘጋ ወዲያው ይጠፋል። ለጥ ባለ ቦታ ላይ ማሽኑ ያለ ችግር ይሄዳል፤ የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና ከመንገድ ጠርጎ የመኪና መግቢያዬ አፍ ላይ የሚከምረውን ጠጣር በረዶ ሲነካ ግን ሞተሩ እየጮኸ ጎማዎቹ ይቆማሉ። አንደኛው ቺንጋ ተሰነጣጥቋል። በስተቀኝ ያለው ምላጭ ከዘንጉ ጋር የተያያዘበት ብሎንም ከግራው ጋር አይመሳሰልም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በእጁ ያገኘውን የከተተበት ይመስላል።

አንድ ጥገና ቤት ደውዬ ብጠይቅ ማሽኑን ሳያዩት «የዚህ ዕቃ ከእንግዲህ አይመረትም» አሉኝ። እዚህ ሚኒያፖሊስ በረዶው መጣሉን ካቆመ በኋላ የመኖሪያ ቤት ባለቤት የእግረኛ መንገዱን በ24 ሰዓት ውስጥ የማጽዳት ግዴታ ስላለበት፣ በአካፋ ብቻ ተማምኜ ወደ ዊንተር መግባት አልፈለግሁም። ለመሆኑ መለዋወጫው በእውነት ጠፍቷል? ካልጠፋስ ኦርጅናሉን መፈለግ ግድ ነው ወይስ ሌላ አምራች የሠራው ይበቃል? የማሽኑ የቁጥር ታርጋ በቀለምና በዝገት ተሸፍኖ አይነበብም።

እታለም (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው የአትክልትና የበረዶ መሣሪያዎች መለዋወጫ በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ኅዳር በገባ ቁጥር ይቀርብልኛል። የተሰጥዎት መልስ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስንፍና ነው። ማሽኑንና ሞተሩን የሠሩት ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ስለሆኑ መለዋወጫቸውም ለየብቻው ነው የሚፈለገው። አሪየንስ በ1933 ዊስኮንሲን ውስጥ ብሪሊየን በምትባል ከተማ የተመሠረተ፣ የመጀመሪያውን ስኖው ብሎወር በ1960 ለገበያ ያቀረበና ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ቺንጋ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታና የፍሪሲዮን ጎማ እስካሁን ይገኛል። ቴኩምሴ ግን በ2008 ገደማ ሞተር ማምረቱን አቁሟል። የመለዋወጫውን ሥራ ሰርቲፋይድ ፓርትስ የተባለ ሌላ የዊስኮንሲን ኩባንያ ስለተረከበው ለሞተሩም ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም ነገር አለ ማለቴ ግን አይደለም።

ከሁሉ በፊት ቁጥሮቹን ያግኙ። ደንበኞች ፎቶ ይዘው መጥተው «ይህን የሚመስል ስጡኝ» ሲሉኝ ልረዳቸው የምችለው በጣም ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ማሽኖች የግማሽ ኢንች ልዩነት ያለው ቺንጋ ሊወስዱ ይችላሉ። የአሪየንሱ ታርጋ ብዙውን ጊዜ ከእጀታዎቹ በታች በማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ብረት ነው። በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፤ የቀረውን ፊደል ይዞት ይሄዳል። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሰው ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ከዚያ መብራት ጠፍቶ በጨለማ የእጅ ባትሪ በጎን በኩል አስጠግተው ቢያበሩበት የተመታው ቁጥር ጥላ ስለሚጥል ይነበባል። ያም ካልሆነ ስስ ወረቀት ደርበው በእርሳስ ማሸት ነው። 924 ወይም 932 ብሎ የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ የሞዴል ቁጥር ካገኙ በኋላ፣ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የማሽኑን የተበታተነ ሥዕል፣ ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ከነቁጥሩ የሚያሳየውን፣ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። የምርት ቁጥሩን፣ ማለትም ሲሪያሉንም አይርሱት፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ መሀል ላይ ዕቃ የተቀየረባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከዚህ ቁጥር በፊትና በኋላ እየተባለ ይለያል።

የሞተሩ ቁጥር ሌላ ነው፤ በሞተሩ የቆርቆሮ ሽፋን ላይ ተመትቶ ወይም ተለጥፎ ያገኙታል። «ኤችኤም80» የሚል ከሆነ ዘንጉ አግዳሚ የሆነ፣ መካከለኛ አካል ያለው ባለ 8 የፈረስ ጉልበት ሞተር ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው መለዋወጫውን የሚወስነው። አራት አኃዝ ያለው የምርት ቀንም አለው። የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱን መጨረሻ፣ ሦስቱ ደግሞ የዓመቱን ስንተኛ ቀን ያሳያሉ፤ 8105 ቢሆን ዓመተ ምሕረቱ በ8 የሚያልቅ፣ ቀኑም 105ኛው ቀን ነው። 1978 ይሁን 1988 ግን አይነግርዎትም፤ እሱን ከማሽኑ ሞዴል ነው የምናውቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌ መመሪያ ላይ የሚያገኟቸው የአሪየንስ ዕቃ ቁጥሮች አምስት አኃዝ ያላቸው ናቸው፤ የዛሬው ኮምፒውተር ደግሞ ስምንት ይፈልጋል። ከፊት አንድ ዜሮ፣ ከኋላ ሁለት ዜሮ ሲጨምሩበት ብዙ ጊዜ ይወጣል። 72137 የነበረው 07213700 ይሆናል ማለት ነው። «የለም» ተብለው ከተመለሱት ደንበኞች ስንቱ በዚህ ብቻ ዕቃውን እንዳገኘ ብነግርዎ አያምኑኝም።

አባ መፍቻ

እታለም ስለ ቁጥሩ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የትኛው ዕቃ በእርግጥ እንደሚያስፈልግዎ እንዲለዩ ነው፤ ምክንያቱም ከዘረዘሯቸው ችግሮች አንዱ ምንም ዕቃ ላይፈልግ ይችላል።

ሞተር ቾክ ተዘግቶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ በበጋ ታንከሩ ውስጥ የተረሳ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ደርቆ ካርቡሬተሩን ዘግቶታል። የቤንዚኑን መስመር ይዝጉና በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ሳህን የያዘውን ብሎን ይፍቱት። ይህ ብሎን ብሎን ብቻ አይደለም፤ በመሀሉ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው፣ በጎኑ ከጥርሱ አጠገብ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሌላ ቀዳዳ አለች። ሰው ሁሉ ትልቁን ቀዳዳ አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ የተዘጋችው ግን ትንሿ ናት። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘው ያሳልፉባት። በመሰርሰሪያ አይንኳት፤ ከሰፋች አለቀላት። የእርስዎ ሞተር በዚያ ዘመን የተሠራ ከሆነ በዚሁ ሥር ሞላ የተደረገበት ማስተካከያ ብሎን ሊኖረው ይችላል፤ ሳያስጨንቁ እስኪቆም ካጠበቁት በኋላ አንድ ዙር ተኩል መልሰው ይፍቱትና ከዚያ ተነሥተው ያስተካክሉ።

ይህን የምለው ለምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ ከ20 ዶላር ብዙ በማይበልጥ ዋጋ ለቴኩምሴ የሚሆን የቻይና ካርቡሬተር ይሸጣል። ብዙዎቹ ይሠራሉ፤ እኔም ገጥሜአለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ ማስተካከያ የላቸውም፤ በጣም በሚቀዘቅዝ ቀን ሞተሩ ቤንዚን ሲያንሰው ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ አዲሱን ቢገዙም እንኳ አሮጌውን አይጣሉት፤ ጓርኒሲዮኑንና የተንሳፋፊውን መርፌ ብቻ ቀይሮ መልሶ ማሠራት ይሻላል። ሚኒሶታ ውስጥ ለትናንሽ ሞተሮች የሚፈቀድ ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ስለሚሸጥ እሱን ቢጠቀሙ፣ ሚያዝያ ሲደርስም ሳህኑን ቢያደርቁት ይህ ችግር አይመለስም።

ወደ ጎማዎቹ ልምጣ። ጎማዎቹን የሚነዳው ካምቢዮ እንደ መኪና በጥርስ አይደለም የሚሠራው፤ ሞተሩ አንድ ለስላሳ የብረት ሳህን ያሽከረክራል፣ ጠርዙ ጎማ የሆነ ክብ ፍሪሲዮን ደግሞ ሳህኑ ላይ ተጭኖ ይዞራል። ፍጥነት ሲቀይሩ ይህ ክብ ከሳህኑ መሀል ወደ ዳር ይሄዳል ማለት ነው። ጎማው ሲያልቅ ወይም ዘይት ሲነካው በቀላል ቦታ ይነዳል፣ ጭነት ሲመጣ ይንሸራተታል። እርስዎ የገለጹት ይህንኑ ነው። የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፣ ቤንዚኑን ያውጡ፣ ማሽኑን በአፍንጫው ያቁሙትና የሆዱን ክዳን ይክፈቱ። ጎማው ገና ካለ መጀመሪያ ሳህኑን በፍሬን ማጽጃ ጠርገው የእጀታውን ማስተካከያ ያጥብቁ፤ ምናልባት በዚህ ብቻ ይድናል። ጎማው ወደ ብረቱ ከተጠጋ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ፤ ብረቱ ሳህኑን ከበላው በኋላ የሚገዙት ዕቃ ሁለት ይሆናል። ለፍሪሲዮኑ የሌላ አምራች ዕቃ እገዛለሁ። ኦሪገን፣ ስቴንስና ሮታሪ የሚባሉት ደህና አድርገው ይሠሩታል።

ቺንጋውን ግን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ አይግዙ። የመኪና ቺንጋ ሁልጊዜ ተወጥሮ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ የስኖው ብሎወሩ ግን እጀታውን በጨበጡና በለቀቁ ቁጥር ይያዛል፣ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ውስጡ በኬቭላር ክር የተጠናከረ መሆን አለበት። በአሮጌው ላይ 4ኤል360 ዓይነት ጽሑፍ ካገኙ ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ የውጭ ዙሩ 36 ኢንች ነው። 3ኤል የሚል ከሆነ ደግሞ ስፋቱ የኢንች ሦስት ስምንተኛ ነው። ያለቀ ቺንጋ ስለሚለጠጥ በሜትር የለኩትን አይመኑ፤ ቁጥሩን ይመኑ።

ኤድመንተን ነኝ

ከይቅርታ ጋር የተለየ ሐሳብ አለኝ። ዕቃው ይገኛል የምትሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ካርቡሬተርና ብሎን ሲደመሩ፣ የማጓጓዣው ሲታከል፣ ለአርባ ዓመት ማሽን ብዙ ነው። እኛ ካናዳ ያለን ደግሞ ከአሜሪካ ስናስመጣ የዶላሩ ምንዛሪና ቀረጡ ይጨመርብናል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው፤ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ እጅዎን ከእጀታው ሲያነሡ ምላጩ ይቆማል፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ግን ማርሹ ከገባ ሰውየው ዘወር ቢልም ምላጩ መዞሩን ይቀጥላል። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ እኔ ሸጬ ባለ ባትሪ ትንሽ ማሽን እገዛ ነበር።

አባ መፍቻ

ወንድም ኤድመንተን፣ በደኅንነቱ ላይ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ጠያቂያችንም ማሽኑን ሲፈትሹ ይህን አስቀድመው ይዩት። የተዘጋ ቱቦ በእንጨት ነው የሚከፈት፣ ያውም ሞተሩ ጠፍቶ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የተጨናነቀ ማራገቢያ ውስጥ ጉልበት ታፍኖ ሊቆይ ስለሚችል እጅ አይገባም። በዋጋው ግን አልስማማም። በረዶ ጠራጊው መኪና የሚከምረውን ጨው የነካው እርጥብ በረዶ ትናንሾቹ ባለ ባትሪ ማሽኖች አይገፉትም፤ የሚገፋው አዲስ ባለሁለት ደረጃ አሪየንስ ደግሞ ከ1000 ዶላር በላይ ነው። የአሮጌው ብረት ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ቢሞት እንኳ ሀርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር የሚሸጠውን ባለ 212 ሲሲ ፕሬዴተር ሞተር የገጠሙበት ብዙ ሰዎች አሉ። የዘንጉ ውፍረት ብቻ አስቀድሞ ይለካ፤ የፕሬዴተሩ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ ከድሮዎቹ ቴኩምሴዎች አንዳንዶቹ ግን አንድ ኢንች ስለሆኑ ፑሊው አብሮ ይቀየራል።

የሚኒያፖሊሱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታርጋውን በባትሪው ዘዴ አነበብሁት፤ 924 ብሎ ይጀምራል። ካርቡሬተሩንም አባ መፍቻ ባሉት መንገድ አጸዳሁት፤ ትንሿ ቀዳዳ በእርግጥ ተዘግታ ነበር፣ አሁን ሞተሩ ቾኩ ተከፍቶ ይሠራል። የፍሪሲዮኑ ጎማ ግን ከብረቱ ጋር ሊስተካከል የቀረው በጣም ጥቂት ስለሆነ አዝዣለሁ።

የቀረኝ ያ በስተቀኝ ያለው ብሎን ነው። ብፈታው ራሱ ላይ ስድስት መስመር አለው። ብሎኑን አውጥቼ ምላጩን በእጄ ለማዞር ብሞክር ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ አለኝ፤ የግራው ግን ይዞራል። በተጨማሪም ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሰው ሞተሩ የሞተ ተመሳሳይ ማሽን በርካሽ እየሸጠ ነው። ለመለዋወጫ ብዬ ብገዛው ይጠቅመኛል?

አባ መፍቻ

ስድስት መስመር ያለው ብሎን በጣም ጠንካራ ነው፤ እዚያ ቦታ የሚገባው ግን ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብሎን ነው። ምላጩ ድንጋይ ወይም በበረዶ የተቀበረ ጋዜጣ ሲነክስ ብሎኑ ይሰበርና በሁለቱ ምላጮች መሀል ያለው ባለ ጥርስ ካምቢዮ ይተርፋል። ጠንካራው ብሎን ስለማይሰበር የሚሰበረው ካምቢዮው ውስጥ ያለው የነሐስ ጥርስ ነው፤ ያ ደግሞ ከማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው። የሚሰበረውን ብሎን ከአሪየንስ ይግዙ፤ እዚህ ላይ የሌላ አምራች አልመክርም፣ ርካሽ ስለሆነም ትርፍ ይያዙ።

ነገር ግን አዲሱን ብሎን መክተት ብቻውን ምንም አይጠቅም። ምላጩ በዝገት ከዘንጉ ጋር ከተጣበቀ ብሎኑ ቢሰበርም ምላጩ ከዘንጉ ጋር መዞሩን ይቀጥላል፤ ጥርሱን የሚያድነው ነገር የለም። ብሎኑ በወጣበት ቀዳዳና በምላጩ ጫፎች የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እየጨመሩ ለጥቂት ቀናት ይተዉት፣ ከዚያ ቱቦውን በችቦ ሞቅ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ይሞክሩ። ቤንዚኑን ቀድመው ማውጣትዎን እንዳይረሱ። በመዶሻ ምላጩን አይምቱ፤ ይጣመማል። ሲላቀቅ በላዩ ላይ የግራሶ መግቢያ ካለ እስኪፈስ ይሙሉት፤ ብሎኑን እንደገና ሳይከቱ ምላጩን እያዞሩ ቢሞሉት ግራሶው ዙሪያውን ይደርሳል። ይህን በየዓመቱ መስከረም ላይ ያድርጉት።

የሚሸጠውን ማሽን በተመለከተ፣ ቢገዙት ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የታረደ መኪና ዕቃ እንደምንፈልገው ነው፤ የሞተው ሞተሩ ከሆነ የፊቱ ክፍል ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ሲሄዱ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ማራገቢያውን በእንጨት ያዙሩት፤ ሁለቱም ምላጮች እኩል ከተከተሉት የካምቢዮው ጥርስ ጤነኛ ነው። ማራገቢያው እየዞረ ምላጮቹ ከቆሙ ግን፣ ብሎኖቹ በቦታቸው እያሉ ከሆነ ጥርሱ አልቋል፤ ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ። የካምቢዮውን መሙያ ብሎን ፈትተው ዘይቱን ይዩ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

እታለም (ዴንቨር)

ከመክፈልዎ በፊት የዚያን ማሽን ታርጋ ፎቶ ያስልኩ። ከ924 በኋላ ያሉት ሦስት አኃዞች ከእርስዎ ጋር አንድ ከሆኑ ሁሉም ነገር ይገጥማል፤ ከተለያዩ ሁለቱን የተበታተኑ ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገው የካምቢዮውንና የማራገቢያውን ቁጥር ያወዳድሩ፤ ሥዕሉ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ የሆነ ብዙ ዕቃ አለ። የሞተውን ሞተር «ቆሻሻ ነው» ብለው እዚያው አይተዉት። የመጎተቻው ገመድ ከነሞላው፣ የቆርቆሮ ሽፋኑ፣ የቤንዚን ታንከሩና ካርቡሬተሩ ለቴኩምሴ በአዲስ መልክ ለማግኘት የሚያስቸግሩት ዕቃዎች ናቸው፤ ባንኮኒያችን ላይ ሰው መጥቶ ሲጠይቀን ብዙ ጊዜ የምንልከው እንዲህ ያለ ማሽን ወደ ፈታታ ሰው ነው።